የማታ ተማሪ መስኮት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 27 ነው። ሳሪስ አካባቢ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። አካውንቲንግ በኤክስቴንሽን ስማር ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቴ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ከደመወዜ ሲሶው ለትምህርት ክፍያ ይሄዳል።

ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው፤ ክፍል የምንገባው 11፡30 ነው፤ ሬጅስትራር የሚዘጋውም 11፡30 ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ኮርስ ላይ ኤን ጂ ወጣብኝ። መምህሩን ለማግኘት ሦስት ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፤ ሁለቱን ቀን ቢሮው ዝግ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ስጠይቅ አለቃዬ «ወይ ሥራሽን ወይ ትምህርትሽን ምረጪ» አለኝ። ወር መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ እስከ ማታ 2 ሰዓት ያስቆየናል፤ ያን ሳምንት ክፍል አልገባም። የግቢው ክሊኒክ «ለመደበኛ ተማሪ ብቻ ነው» ብሎ መልሶኛል። ለመውጫ ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲሰጥ እንደነበር የሰማሁት ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። የባለቤቴ እኅት ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «የማታ ዲግሪ ማን ይቆጥረዋል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ላቋርጠው ይሆን?
ወ. ከሳሪስ

መልስ፦ ልጄ፣ አታቋርጪ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

እኔም የማታ ተማሪ ነበርኩ። በ1987 ዓ.ም. ስመዘገብ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ያኔ ውጤት በስልክ አይታይም፤ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከሥራ ሮጬ ስደርስ ስለሚጨልም መታወቂያ ቁጥሬን በክብሪት እየፈለግሁ አነብ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ በስታቲስቲክስ ኤን ጂ ወጣብኝ። ለማታውቁት አንባቢያን፣ ኤን ጂ ማለት ውጤቱ ከመምህሩ ወደ ሬጅስትራር አልደረሰም ማለት ነው፤ ተማሪው አለፈም ወደቀም አይባልም። እኔ ተፈትኜ ነበር፤ ወረቀቴ ነው የጠፋው። መምህሩ ተማሪ የሚያነጋግረው ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት እኔ የአለቃዬን ደብዳቤ እየመታሁ ነው። ደጅ ስጠና ዓመቱ አለቀ፤ ኤን ጂው ወደ ኤፍ ተለወጠ፤ ኮርሱን እንደገና ከፍዬ ደገምኩት። ስደግመው ኤ አመጣሁ። ያ ኤፍ ግን እስከ ዛሬ ትራንስክሪፕቴ ላይ አለ፤ ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር ስለ እሱ ስጠየቅ ኖሬአለሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ በሌላ ኮሌጅ ሬጅስትራር ተቀጠርኩና 14 ዓመት ከመስኮቱ በስተውስጥ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። የማታ ተማሪን ልበድል ብሎ የተነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ነገሩ ሁሉ፣ የቢሮው ሰዓት፣ ቅጹ፣ ማስታወቂያው፣ ቀን ግቢ ለሚውል ተማሪ የተሰፋ ልብስ ነው። ማስታወቂያ ሰኞ ጠዋት ይለጠፋል፤ ቀነ ገደቡ ረቡዕ ከሰዓት ያልፋል፤ የማታው ተማሪ ሐሙስ መጥቶ ያነበዋል። ከዚያ «ለምን በጊዜው አልመጣህም?» ይባላል። እኔም ብያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ራሴ ያን ሁሉ አይቼ፣ ለስንቱ ተማሪ እንዲያ ብዬ መስኮቱን እንደዘጋሁ ሳስበው አሁንም ያመኛል። ማንም ሳያስበው የሚደርስ በደል ተጠያቂ የለውም፤ ስለዚህ አይታረምም። የሚታረመው የተበደለው በጽሑፍ ሲያስታውቅ ነው።

እንደሚታረም ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ዓመት ኃላፊያችንን አስፈቅደን ማክሰኞና ሐሙስ አንድ መስኮት እስከ ማታ 1፡30 ክፍት አደረግን። ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እናመሻለን፤ ያመሸ ሰው በማግሥቱ ጠዋት አርፍዶ ይገባል። ለትርፍ ሰዓት ተብሎ አንድ ብር አልወጣም። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ግቢው በር ደረሰ። ጋውኗን ያላወለቀች ነርስ ነበረች፤ የባንክ ጥበቃ ነበረ፤ የእንጨት ብናኝ ከፀጉሩ ያልተራገፈ አናጺ ነበረ። አናጺው ሁለት ዓመት ያንከራተተው የስም ፊደል ስሕተት በ10 ደቂቃ ተስተካከለለት።

አንቺም የምታደርጊው ይሄው ነው። ብቻሽን አትሂጂ። ብቻዋን የምትሄድ ተማሪ «የአንቺ ችግር» ተብላ ትመለሳለች። የክፍልሽን ተወካይ ይዘሽ፣ ከክፍሉ የቻላችሁትን ያህል ፊርማ ሰብስባችሁ፣ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ጻፉ፤ ግልባጭ ለሬጅስትራርና ለተማሪዎች አገልግሎት አድርጉ። እንዲህ ብላችሁ ብትጀምሩ ይበቃል፦ «እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የ5ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ኤክስቴንሽን ተማሪዎች፣ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና የምንፈተን ብንሆንም የማጠናከሪያ ትምህርቱ፣ የሬጅስትራር አገልግሎቱና የመምህራን የምክር ሰዓት በሥራ ሰዓታችን ብቻ በመሆኑ ልንጠቀም አልቻልንም።» ከዚያ የምትፈልጉትን ሦስት ነገር ጻፉ፤ ከሦስት አይብለጥ። በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ማታ 1፡30 የሚቆይ መስኮት። ቅዳሜ የሚሰጥ ማጠናከሪያ። መምህሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት የምክር ጊዜ። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱ በዚህ ደብዳቤ ላይ አትጨምሩ።

ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂው አንቺ ጋ ይቅር። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ያንን ቁጥር ጠቅሳችሁ ለዲኑ ጻፉ። የኤን ጂሽን ጉዳይ ግን ከቡድኑ ደብዳቤ ጋር አታቀላቅዪው። እሱን ለብቻው፣ የኮርሱን ኮድ፣ የፈተናውን ቀንና የክፍሉን ቁጥር ጠቅሰሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስገቢ። ፈተና ላይ መቀመጥሽን የሚያሳየው የፊርማ ወረቀት ትምህርት ክፍሉ ጋ መኖር አለበት፤ ያ ወረቀት እንዲታይልሽ በስሙ ጠይቂ። እኔ በ1990 ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ኤፍ ባልኖረ ነበር።

የመውጫ ፈተናውን ነገር በደንብ ላንሣው፤ ክርክርሽ ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል ተባለ፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከግል ኮሌጅም የመጣ ተማሪ የሚመዘነው በዚያው ነው። ለማታ ተማሪ ቀለል ያለ ወረቀት አይዘጋጅም፤ እንዲዘጋጅም አንፈልግም። ፈተናው አንድ ከሆነ ግን ዝግጅቱ ለምን ሁለት ይሆናል? አንዱ ተማሪ ጠዋት 3 ሰዓት መምህር ፊት ተቀምጦ ያለፉትን ኮርሶች ሲከልስ፣ ሌላዋ ክፍያዋን በጊዜው ከፍላ ማስታወቂያውን እንኳ አላየችም። ይህ እንደ ውለታ የሚለመን ነገር አይደለም፤ ተቋሙ ላስተማራቸው ሁሉ ያለበት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው አንቺ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፤ ለየትምህርት መስኩ የተዘጋጀውን ብሉፕሪንት ከትምህርት ክፍልሽ ውሰጂ። የትኛው ኮርስ ስንት ድርሻ እንዳለው ይነግርሻል፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚያ የተሻለ መሪ የለም። እሑድ ከልጅሽ ሦስት ሰዓት መለየት ከቻልሽ ወመዘክር፣ ወይም በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ አንብቢ፤ እዚያ መደበኛ ነሽ ማታ ነሽ የሚልሽ የለም።

ክሊኒኩን በተመለከተ፣ የተመዘገብሽበትን ደረሰኝ አውጪና ምን ምን እንደከፈልሽ እዪ። ለአገልግሎት ተብሎ የተቆረጠ ገንዘብ ካለ ይዘሽው ሂጂ። ከሌለም ጥያቄው ይነሣ። መደበኛው ተማሪ በ1996 በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ፈርሞ ይገባና ዕዳውን ተመርቆ ሲቀጠር ከደመወዙ እየከፈለ ይጨርሳል። አንቺ ከደመወዝሽ ገና ሳትመረቂ፣ በየሴሚስተሩ፣ በጥሬ ገንዘብ ትከፍያለሽ። በቅድሚያ የምትከፍል ተማሪ ራስ ምታት ሲይዛት ከበር የምትመለስበት ምክንያት አይገባኝም። ቢያንስ ክፍያው በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ እንዲከፈል መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ስንጠይቅ የፈቀዱ ተቋማት አውቃለሁ።

አሁን ወደ አለቃሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በየወሩ መጨረሻ እንደ ልማድ የሚታዘዝ ነገር አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ነው። ያም ሆኖ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ በሥራ ቀን እስከ ማታ 4 ሰዓት የተሠራው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ ግማሹ ተጨምሮ ይከፈላል። የትምህርት ፈቃድን ግን አዋጁ ራሱ አይቆርጠውም፤ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ የድርጅትሽን የሥራ ደንብ አግኝተሽ አንብቢ።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ አዋጅ ይዘሽ አለቃሽ ቢሮ እንድትገቢ አይደለም። ዕወቂው፤ መጀመሪያ ግን በሰላም ተነጋገሪ። የሴሚስተሩን የክፍል ሰሌዳና የፈተና ቀኖች አስቀድመሽ በጽሑፍ ስጪው። ወር መጨረሻ ላይ ጠዋት 1፡30 ገብቼ ሥራዬን ልጨርስ፣ 11 ሰዓት ልውጣ በዪው። እኔን አንድ ሴሚስተር ያወጣኝ ይህ ነበር፤ አለቃዬ ደግ ስለነበሩ አይደለም፣ ጠዋት ሲገቡ ደብዳቤዎቻቸው ተመተው ጠረጴዛቸው ላይ ስለሚጠብቋቸው እንጂ። ሒሳብ የምትማር የሒሳብ ሠራተኛ ለድርጅቱ ጥቅም መሆኗንም ሳትፈሪ ንገሪው።

የባለቤትሽን እኅት ደግሞ አትቀየሚያት። የመንግሥት ሠራተኛው በ11፡30 በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አንቺ በተቃራኒው ወደ ክፍል እየገባሽ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ታክሲ ስትጋፊ አላየችም። አንድ ቀን ማታ ይዘሻት ሂጂ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ቀን ኡበር እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ኖቫ ኮሌጅ ገብቼ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ 6 ክሬዲት ልውሰድ ብል አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ «ፓርት ታይም ለሚማር መንግሥት አይረዳም፤ 12 ካልወሰድክ አትድከም» ይለኛል። 12 ከወሰድኩ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?
ተ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ሁለት ነገር አምታቷል። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ቪዛውን ለመጠበቅ ሙሉ ጊዜ መማር አለበት፤ ያ 12 ክሬዲት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። አንተ ግን ግሪን ካርድ አለህ፤ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ለማመልከት ትችላለህ። ፔል ግራንት የሚባለው፣ የማይመለሰው ገንዘብ፣ በምትወስደው ክሬዲት ልክ ተመትሮ ይሰጣል። 12 ክሬዲት እንደ ሙሉ ስለሚቆጠር 6 ክሬዲት ግማሹን ያስገኛል። እ.ኤ.አ. ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ ገቢህ ሙሉውን የሚያሰጥህ ከሆነ በ6 ክሬዲት ወደ 3,700 ዶላር ይደርስሃል ማለት ነው። ብድር ከፈለግህ ግን ከ6 ክሬዲት መውረድ አትችልም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ኮርስ አንዱን ከመጣልህ በፊት ቆም በል። ከጣልክም መጀመሪያ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮውን አነጋግር፤ የወሰድከውን እንድትመልስ ሊያደርግህ ይችላል፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተርም የትምህርት ውጤትህን ያዩታል።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። ፔል ለአንድ ሰው በዕድሜው የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው፤ በግማሽ ስትማር ከዚያ የሚቆረጥብህም ግማሽ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ በመሄድህ አትቀጣም። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ካለ እሺ አትበል፤ ስሙ ራሱ «ነፃ» የሚል ቃል ይዟል። በቨርጂኒያ ነዋሪ ዋጋ ለመክፈል ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያ የኖርክ መሆንህን ማሳየት ይጠበቅብሃል፤ አራት ዓመት ከኖርክ ታክስ የከፈልክበትን ወረቀትና መንጃ ፈቃድህን አዘጋጅ። ክፍል ስትመርጥም ማታ ወይም ኦንላይን የሚሰጡትን ብቻ አትይ፤ አማካሪዎቹ ማታ ይገኙ እንደሆነ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማስጠኛው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ጠይቅ። ለሳሪሷ እኅትህ የጻፍኩትን አንብበው፤ መስኮቱ እዚያም አለ።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ 46 ዓመቴ ነው። ዲግሪዬን በክረምት መርሐ ግብር እየተማርኩ ነው። ችግሬ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ኮርሱ ይደራረብብናል፤ አማካሪዬን አግኝቼ ሳልጨርስ ትምህርት ቤታችን ሊከፈት ሲል ወደ ደብረ ሲና እመለሳለሁ። ስልክ ስደውል «ስትመጣ እናያለን» ይሉኛል። እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ።
መምህሩ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለት ክረምት ብዙ ነው፤ ሦስተኛ አይጨመርበት። የእርስዎ ትምህርት ቤት በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ሥራ ላይ ነው። አማካሪዎን በአካል የሚያገኙበት ጊዜ ያ ነው፤ ክረምት ላይ እሳቸውም በሥራ ተወጥረዋል። ቀጠሮውን አሁን በጽሑፍ ያስይዙ፤ ለትምህርት ክፍሉ በግልባጭ ያሳውቁ። ከዚያ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቴሌግራም ይላኩላቸው፤ ባዶ እጅ የሚመጣን ሰው ማንም «ስትመጣ እናያለን» ይለዋል፤ የተጻፈ ነገር የላከውን ግን ያዩለታል።

ትምህርት ክፍሉ በርቀት ላሉ የክረምት ተማሪዎች ረዳት አማካሪ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአካባቢዎ እንዲመድብ መጠየቅም ይችላሉ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ። ነሐሴ ላይ ግቢውን ከመልቀቅዎ በፊት ደግሞ ርዕስዎ የጸደቀበትን ወረቀት ፊርማና ማኅተሙን አስደርገው በእጅዎ ይያዙ። አማካሪው ለትምህርት ውጭ አገር ቢሄዱ ወይም ቢለወጡ፣ አዲሱ ሰው ከዜሮ እንዳያስጀምርዎት የሚጠብቅዎት ያ ወረቀት ነው።